ወደ ሰሜን ሲዞር

ሰኔ 23 ቀን 2016፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ የመኪናው መሪ እጄን ተኮሰኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ። ነፋስ የሚባል የለም።

ሥራ ስገባ ቴሌቪዥኑ ላይ አዲስ ስም። ቤሪል። አርብ ስም ወጣለት፣ ዛሬ ደረጃ 4 ሆነ። በጁን ወር እዚህ ደረጃ የደረሰ አውሎ ነፋስ አትላንቲክ ላይ ተመዝግቦ አያውቅም አሉ። ገና ከካሪቢያን ደሴቶች ወዲያ ማዶ ነው። አረጋውያኑ እራት እየበሉ ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ አላየም። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ማታ የእህቴ ልጅ የድምፅ መልእክት ላከ። ሜክሲኮ ድንበር ላይ፣ ማታሞሮስ ከገባ 4 ወር ከ 10 ቀን። ዛሬም ጠይቋል፣ ዛሬም የመግቢያ ቀጠሮ የለም። ሳል ይዞታል። "ቀላል ነው" ይላል፤ ቀላል አይመስልም።

እንደ ሁልጊዜው ደብረ ማርቆስ ደወልኩና አንዱን ስልክ ከሌላው አግጥሜ ድምፁን አሰማኋት። እዚያ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ዓመት ሊሞላው ነው። እህቴ ልጇን የምትሰማው በእኔ ሁለት ስልኮች መካከል ነው። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

"ያስለዋል እንዴ፣ እታለም?"

አቧራ ነው አልኳት።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን ደረጃ 5 ደረሰ። ጁላይ ሳይጋመስ እዚህ የደረሰ ከዚህ በፊት የለም።

ትናንት ካሪያኩን መታት። የግሬናዳ ናት፣ ትንሽ ደሴት። ዛሬ ከአየር የተነሳውን አሳዩ። ጣሪያ ያለው ቤት በዓይኔ ፈለግሁ። ዛፎቹ ቅጠል የላቸውም፤ ኮረብታው የበጋ ማሳ መስሏል።

ስልኬ ላይ ነጩን ሾጣጣ ማየት ጀምሬያለሁ። በየ 6 ሰዓቱ ይታደሳል። ቀጭኑ ጫፍ ማዕበሉ አሁን ያለበት፣ ሰፊው አፍ ከ 5 ቀን በኋላ። ግንቦት ግንቦት ሥራ ቦታ ሥልጠና አለን፤ አሠልጣኙ ሳይሰለች የሚደጋግመው ይህንን ነው። ሾጣጣው የማዕበሉ ስፋት አይደለም፣ ማዕከሉ ሊያልፍባቸው የሚችሉ ቦታዎች ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ከ 3 ጊዜ አንዱን ማዕከሉ ከሾጣጣው ውጭ ይሄዳል። ከ 3 አንድ። ዘንድሮ ይህ ቁጥር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ሰፊው አፍ ዛሬ ሜክሲኮ ላይ ነው። ማታሞሮስ ውስጡ ናት ወይስ ውጭ? በጣቴ አስፍቼ አየሁት። አልለይ አለኝ።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ጃማይካን በደቡብ በኩል ታክኮ አለፈ። እዚህ ጸጥታ። ወበቅ።

ልጁ ዛሬ ስለ ፎቶው ነገረኝ። ከዚህ በፊት አንስቶት አያውቅም። ቀጠሮ በሚጠየቅበት የአሜሪካ ድንበር አፕ፣ ሲ ቢ ፒ ዋን ላይ ሲመዘገብ አፑ ፊትህን አሳይ ይለዋል። በር ላይ ቆመ፣ አምፖል ሥር ቆመ፣ አላየውም። አብረውት ያሉት የሄይቲ ልጆችም እንደዚሁ። በመጨረሻ ቀትር ላይ የመጠለያው ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ወርዳ፣ ያኔ ተቀበለው። "ጥቁረቴ ነው አክስቴ" አለኝ። ምን ልበለው? ዝም አልኩ።

አፑ የሚያውቀው እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽና የሄይቲ ክሪዮል ነው። አማርኛ አያውቅም። በቀን 1,450 ቀጠሮ፣ ለ 8 መግቢያ በሮች። ከፊሉ በእጣ፣ ከፊሉ ብዙ ለጠበቀ። ተራህ ስንተኛ ነው፣ ስንት ሰው ከፊትህ አለ፣ እሱን አይናገርም።

እኔም በእጣ ነው የገባሁት። ዲቪ። ነሐሴ 1997። ከቦሌ ሂውስተን፣ በሻንጣዬ በርበሬና ሽሮ። እሱ ከብራዚል ተነስቶ በእግር፣ በጀልባ፣ በአውቶቡስ። ዳሪየን ጫካ ውስጥ ያየውን እናቱ አታውቅም፤ እኔም ሁሉን አላውቅም። ባሕር በሕይወቱ መጀመሪያ ያየው ኮሎምቢያ ኔኮክሊ ላይ ነው፣ ሌሊት፣ ጀልባ ላይ ሲጭኗቸው። ከዚያ ወዲህ የውሃ ነገር አይወድም።

ስለ ማዕበሉ አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

መድኃኔ ዓለም። እዚህ ደግሞ የነጻነት በዓላቸው። ማታ ርችት። አንዲት አዛውንት በፈነዳ ቁጥር እጄን ጨበጥ ታደርጋለች።

አልነገርኩትም።

ዜናው ሁለት ነገር ተራ በተራ አቀረበ። መጀመሪያ ማዕበሉን፣ ቀጥሎ ድንበሩን። ጋዜጠኛው ለሁለቱም "ጎርፍ" አለ። አንዱ ጎርፍ ውሃ ነው። ሁለተኛው ጎርፍ ሰው ነው፤ ከነሱ መካከል አንዱን ሲወለድ እኔ ነኝ ያቀፍኩት፣ 3 ኪሎ ከ 200 ነበር። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። አንዱ ሽማግሌ ተቆጣኝ፣ መልሼ አበራሁት።

ከግንቦት 28 ወዲህ በድንበሩ ወንዝ በኩል የገባ ሰው ጥገኝነት የሚያገኝበት መንገድ እጅግ ጠቧል። ደንቡ እንደ ወንዝ መለኪያ ነው። የሚያዘው ሰው የሳምንቱ አማካይ በቀን 2,500 ሲደርስ ይዘጋል፣ ከ 1,500 በታች ሲወርድ ይከፈታል። ስለዚህ የቀረው ድልድዩ ብቻ ነው። ድልድዩ ደግሞ በቀጠሮ።

ሰኔ 28፣ አርብ

ማለዳ ቱሉም አጠገብ ወደ የብስ ወጣ። ዩካታንን አቋርጦ ማታ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። ተዳክሟል። ባሕሩ ግን ሙቅ ነው፣ እንደገና ይበረታል ይላሉ።

መስመሩ ዛሬ የሪዮ ግራንዴን አፍ ይዟል። አሜሪካና ሜክሲኮ የሚለያዩበት ቦታ ላይ፣ ልክ መሐል ለመሐል።

ምሳ ሰዓት ላይ ነገርኩት። ሰምቶ ኖሯል። የመጠለያው ኃላፊ ቆርቆሮውን በገመድ እያሰሩ ነው አለኝ።

"ውሃው እዚህ ይደርሳል አክስቴ?"

ለካሁ። ከባሕሩ እስከ ከተማው ከ 30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የባሕር ሙላት በዚህ ኃይል ያን ያህል አይገባም። የሚያስፈራው ነፋሱና ዝናቡ ነው፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ውሃ መሄጃ የለውም። ይህን ነገርኩት። እርግጠኛ የሆንኩ አስመሰልኩ። እውነቱን ለመናገር ካርታ በጣት ለክቼ ነው የተናገርኩት።

ከዚያ ውጣ ልበለው? ወደ ሰሜን ድልድዩ አለ፣ ያለ ቀጠሮ አያሳልፈውም። ወደ ምዕራብና ደቡብ የሬይኖሳና የሞንቴሬይ መንገድ፤ ከአውቶቡስ ስደተኛ አውርደው የሚወስዱበት፣ ለቤተሰብ ደውለው ገንዘብ የሚጠይቁበት መንገድ ነው። ቢወጣ የመጠለያውን አልጋ ያጣል። ከወንዙ ወዲህ ያሉት የብራውንስቪል ሰዎችም ቢሆን ቀላል አይደለም። ወደ ሰሜን የሚሸሽ ሁሉ ሳሪታ ወይም ፋልፉሪያስ ላይ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ አለበት። ወረቀት የሌለው ሰው ከማዕበሉ ይሽሽ ወይስ ከኬላው?

መሸሽ ሲባል ሪታ የተባለችው ማዕበል ትዝ ትለኛለች። መስከረም 1998፣ ከገባሁ ወር እንኳ አልሞላኝም። ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካጠፋች 3 ሳምንት። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ዳላስ 4 ሰዓት መንገድ ነው፤ እኛ 22 ሰዓት ፈጀብን። አየር ማቀዝቀዣው ነዳጅ ይጨርሳል ብለው አጠፉት። መንገድ ዳር ሰው ተኝቶ አይቻለሁ። ከሞቱት ውስጥ ከ 100 በላይ የሚሆኑት በሽሽቱ ነው የሞቱት። ዳላስ አቅራቢያ በአንድ አውቶቡስ ብቻ 23 አረጋውያን ተቃጠሉ። ዛሬ አረጋውያን የምጠብቅ ሰው ሆኜ፣ "ውጡ" የሚለውን ቃል ስሰማ የሚታየኝ ያ አውቶቡስ ነው።

"እዛው ሁን" አልኩት። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ማታ ጸለይኩ። ከሱ ላይ አዙርልኝ ብዬ።

ሰኔ 29፣ ቅዳሜ

ጠዋት 1 ሰዓት። መስመሩ ዞሯል። ወደ ሰሜን።

ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። ከሪዮ ግራንዴ አፍ ተነስቶ ወደ ኮርፐስ ክሪስቲ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ማታጎርዳ በኩል። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ስነሳ ነው ያየሁት። የሾጣጣው ጠርዝ እኛን፣ ቴክሳስ ሲቲን፣ ሸፍኗል።

ለራሴ አልደነገጥኩም፣ እሱ አይደለም። ትናንት ማታ "አዙርልኝ" ስል ወዴት እንደሆነ አልተናገርኩም ነበር። ከማታሞሮስ እስከ ማታጎርዳ ከ 300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በስም ይቀራረባሉ። ማታጎርዳ ውስጥም አክስት ያለው ልጅ አለ። እሷም ትናንት ማታ ስልኳ ላይ መስመሩን አይታ ከኛ ራቀ ብላ ተኝታ ይሆናል። ደስታዬን መመለስ አልቻልኩም። አፈርኩበትም፣ ደስም አለኝ፣ ሁለቱ አንድ ላይ።

ቀጠሮውስ? 4 ወር ሙሉ ስለምንለት፣ ለሱ የሚደርሰው ቀጠሮ ማንን እንደሚያስቀር አስቤ አላውቅም። 1,450 ነው። ቁጥሩ አይጨምርም።

ለጋልቬስተን ደሴት ምዕራብ ጫፍ በፈቃዳችሁ ውጡ ተባለ። ከባሕር መከላከያው ግንብ ውጭ ነው ያ ጫፍ።

እህቴ ደወለች። ዞሯል አልኳት። "ተመስገን" አለች። "ወዴት ዞረ?" አላለችም። እኔም አልነገርኳት።

ሰኔ 30፣ እሑድ

ቅዳሴ አልሄድኩም። ከሰዓት እስከ ነገ ማታ ሥራ ላይ ከሚቆዩት አንዷ ነኝ። ቅያሪ ልብስ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የስልክ ባትሪ። አረጋውያኑን አናወጣም ተባለ። የቴክሳስ ሲቲ ግድብ አለ፣ ጄኔሬተር አለ። ልክ ውሳኔ ይመስለኛል። ነገ ሌላ ሊመስለኝ ይችላል።

ቀትር ላይ የባሕሩን ሙላት ትንበያ አወጡ። ማታጎርዳ አካባቢ ከ 4 ጫማ በላይ ሊደርስ ይችላል ተብሏል። የሚያወጡት ቁጥር ወደ ክፉው ያደላ ነው፣ ከዚያ የመብለጥ እድሉ ከ 10 አንድ ገደማ። ኮምፒውተሩ ያንኑ ማዕበል በመቶ የሚቆጠር ጊዜ እየደጋገመ ያስኬደዋል፦ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ፈጠን፣ ዘግየት፣ ሰፋ፣ ጠበብ። እያንዳንዱ ውሃውን የት ድረስ እንደሚያስገባ ያሰላል። ከዚያ ሁሉ ነው ቁጥሩ የሚወጣው።

ድሮ ሙላቱን የሚያመጣው የአየሩ ግፊት መቀነስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱማ ትንሽ ነው። ግፊቱ 1 ሚሊባር ሲወርድ ባሕሩ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ በዚህኛው ማዕበል አንድ ክንድ አይሞላም። ዋናው ነፋሱ ነው። ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃ በመዳፍ ሲገፋ ወደ አንዱ ጠርዝ እንደሚቆለለው። ባሕረ ሰላጤው በቴክሳስ በኩል ረጅም ርቀት ጥልቀት የለውም፤ የተገፋው ውሃ ወደ ታች መመለሻ ያጣል፣ የብስ ላይ ይወጣል። ነፋሱ ከሰዓት አዟዟር ተቃራኒ ስለሚዞር የከፋው ከማዕከሉ በስተቀኝ ያለው ዳርቻ ነው። እኛ በስተቀኝ ነን።

እጄን የምትጨብጠው አዛውንት 88 ዓመቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ 1961 ካርላ የተባለችው ማዕበል ስትመጣ ወጣት ነበረች፤ ውሃው ኩሽናዋ ውስጥ ደረቷ ድረስ ደርሷል። ይህን 27 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ግድብ ከዚያ በኋላ ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ 2008 አይክ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ከተማውን ያዳነው ግድቡ ነው። ከባሕሩ ወዲያ ቦሊቫር ላይ ሰፈር ሙሉ ተጠርጎ ሲሄድ እዚህ ደረቅ ነበር።

አያቷ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ 1900ውን ማዕበል አይታለች። ጋልቬስተን። ሴፕቴምበር 8። የደሴቲቱ ከፍተኛው ቦታ 9 ጫማ አይሞላም ነበር፤ ውሃው ከ 15 ጫማ በላይ መጣ። ከ 6,000 የማያንስ ሰው፣ ብዙዎች 8,000 ይላሉ። ከዚያ ታሪክ አንድ ነገር ካነበብኩት ወዲህ አልረሳውም። የኩባ ትንበያ አዋቂዎች ማዕበሉ ወደ ባሕረ ሰላጤው እንደሚገባ ገምተው ነበር። የዋሽንግተኖቹ ወደ ፍሎሪዳ ይዞራል አሉ። ኩባ ያኔ በአሜሪካ ጦር እጅ ነበረች፤ ማዕበሉ ገና ጋልቬስተን ሳይደርስ፣ ኩባውያኑ የአየር ትንበያ በቴሌግራም እንዳይልኩ ተከልክሎ ነበር። ሰው አይደለም የተከለከለው። ወሬ ነው። ማዕበሉን ግን ኬላ አልያዘውም።

ምሽት 2 ሰዓት። ነፋሱ ጀመረ። ሰኔ ዛሬ ያበቃል፣ ነገ ሰኞ ነው። እናቴ ብትኖር ሰኔና ሰኞ በአንድ ሌሊት ተላለፉ ትል ነበር።

ልጁ ጻፈ፦ "እዚህ ደመና ብቻ ነው። አንቺስ?"

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ሌሊት 8 ሰዓት። ዝናቡ በአግድም።

10 ሰዓት። ማታጎርዳ ላይ ወጣ። ደረጃ 1፣ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር አሉ።

11 ሰዓት። መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ኮሪደሩ ብቻ በራ። አረጋውያኑን ከመስኮት አርቀን ኮሪደር ላይ ደርድረናል። አንዱ ይዘምራል። አንዷ ሟች ባሏን ትጠራለች። እኔ በየሰዓቱ ሁለት ነገር አያለሁ፦ የኦክስጅኑን መለኪያና የሙላቱን ቁጥር። ኔትወርኩ ሲጠፋ ሁለተኛውን አጣሁ።

ጠዋት 2 ሰዓት። የመኪና ማቆሚያው ውሃ፣ የዝናብ ነው እንጂ የባሕር አይደለም። ቀመስኩት። ሌላ ማወቂያ መንገድ አልነበረኝም። ጨው የለውም።

ቀትር። አለፈ። ዛፍ ወድቋል፣ ጣሪያ ተነስቷል፣ ማንም አልሞተብንም።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

በሂውስተንና አካባቢው መብራት የሄደባቸው ደንበኞች ከ 2 ሚሊዮን በላይ። የጠበቅነው ውሃውን፣ ያገኘን ሙቀቱ። ቤቴ እንደ ምጣድ። ግድግዳው ራሱ ይሞቃል።

የመብራት ኩባንያው ካርታ አይሠራም። ሰው ሁሉ የዋታበርገርን አፕ ከፍቶ ያያል። ክፍት የሆነው ምግብ ቤት ብርቱካናማ፣ የተዘጋው ግራጫ። መብራት የት ሰፈር እንደገባ የሚታወቀው በዚያ ሆኗል።

ስልኬን መኪና ውስጥ ቻርጅ ሳደርግ 14 ያልተነሳ ጥሪ። ሁሉም ልጁ። የመጨረሻው የድምፅ መልእክት ላይ እያለቀሰ ነው። "አክስቴ አንሺ። ወደኔ ይመጣል ስትይ ወዳንቺ ሄደ።" ደወልኩለት። አላነሳም። ሌሊቱን ነቅቶ ተኝቶ ይሆናል። ወይ ሌላ ነገር። ከሰዓት በኋላ አነሳ። ሌሊቱን ነቅቶ ተኝቶ ነበር።

ትናንት አፑን ሳይነካው ቀረ። እኔን ሲፈልግ ቀኑ አለፈው። ከ 4 ወር ውስጥ ያልጠየቀበት ቀን ያ ብቻ ነው። ያ ቀን የሱ ቀን ቢሆንስ?

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ጾሙ ጠቅሞኛል፣ ፍሪጁ ውስጥ ሥጋ የለም። ምስር ወጡ ሸተተ። እንጀራው ሻገተ። ጎረቤቴ ትልቅ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር ከሰላምታ ያለፈ አልነበረንም።

ሥራ ቦታ ከሆስፒታል የሚወጡ ሰዎችን መቀበል አልቻልንም። ሆስፒታሎቹም ወደ ቤት መስደድ አልቻሉም፣ ቤቱ መብራት የለውም። የዳነ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ መብራት ይጠብቃል። በሙቀት የሞቱ አሉ።

መቼ ይመጣል ስንል ቀን አይነግሩንም። ልጁን አሰብኩት። እኔ 4 ቀኔ ነው።

ሐምሌ 5፣ አርብ

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። አርብ ስለሆነ ፍስኩ ነገ ነው። ማታ በረንዳ ላይ ተኛሁ። ትንኝ።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ሥላሴ። ሌሊት 9 ሰዓት ፍሪጁ ድምፅ አሰማ። ተነስቼ ቆሜ አዳመጥኩት።

ከቅዳሴ መልስ ጋልቬስተን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፣ ባሕሩን ማየት ፈለግሁ። ሰው ይዋኛል። ግንቡ 17 ጫማ ነው፤ ከ 1900ው በኋላ ነው የተጀመረው፣ የከተማውንም አፈር ሞልተው ከፍ አድርገውታል። ወደብ ላይ ያለው የድሮ መለኪያ ግን ባሕሩ በአንድ መቶ ዓመት ከ 2 ጫማ በላይ እንደቀረበ ይናገራል፤ ባሕሩ ይወጣል፣ መሬቱም ይሰምጣል። አሁን በጋልቬስተን ባሕረ ሰርጥ አፍ ላይ ሙላት የሚያግድ በር የሚሠራበት እቅድ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ 2022 ኮንግረስ አጽድቆታል፤ አልተጀመረም። ቴክሳስ ላይ የግንብ ወሬ አይጠፋም። በደቡብ ለሰው፣ በምሥራቅ ለውሃ።

በዚህ ወደብ እ.ኤ.አ. በ 1907 እና በ 1914 መካከል ከሩሲያ የሸሹ ወደ 10,000 የሚጠጉ አይሁዶች በመርከብ ገብተዋል። ከመርከቧ ወርደው የቆሙት እዚሁ አካባቢ ነው። ቆሜ አየሁት። መኪና ማቆሚያ ነው።

ሙላቱ የደረሰበት መስመር አሸዋው ላይ ይታያል። ሣር፣ እንጨት፣ ላስቲክ፣ አንድ የልጅ ጫማ። በተነበዩት ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን መስመሩ አለ፤ እስከዚህ መጣ፣ ከዚህ ተመለሰ።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ጠየቀ። የለም።

ሐምሌ 12፣ አርብ

ሚካኤል። ካርታው ባዶ ነው። በሚቀጥሉት 7 ቀናት አትላንቲክ ላይ ምንም አይጠበቅም ይላል።

አዛውንቷ ዛሬ ስለ ልጁ ጠየቀችኝ። ነግሬያት እንደነበር ረስቼዋለሁ፣ በዚያች ሌሊት ኮሪደር ላይ ይሆናል። "ገባ?" አለችኝ። ገና ነው አልኳት። "መቼ?" አለችኝ። ለባሕሩ ቢሆን የሆነ ቁጥር እነግራት ነበር።

አሁን ሌላ ጭንቀት ደርሶበታል። ኖቬምበር ምርጫ ነው፣ ከዚያ በኋላ አፑ ይዘጋል የሚል ወሬ መጠለያው ውስጥ አለ። ደላላው "በወንዙ ላሳልፍህ" ይለዋል፣ ገንዘቡንም ነግሮታል። እኔን አልጠየቀኝም፤ ብቻ ቁጥሩን ነገረኝ። ዝም ብዬ ሰማሁት። አትሂድ ብለው ይሰማኛል፣ ያኔ "እዛው ሁን" ስለው እንደሰማኝ። ያኔ ልክ የሆንኩት መስመሩ ስለዞረ ነው እንጂ ስላወቅሁ አይደለም።

ማታ የድምፅ መልእክት ላከ። ደብረ ማርቆስ ደወልኩና ስልኮቹን አገጣጠምኩ። ሳሉ ቀንሷል። ከድምፁ ኋላ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ አለ፣ ከባድ። እህቴም ጋ ይዘንባል፣ ሐምሌ ነው፣ የሷም ቤት ቆርቆሮ ነው።

ሲያልቅ ትንሽ ዝም አለች።

"እታለም፣ ይሄ የምሰማው ዝናብ የኔ ነው የሱ?"

ድጋሚ ከፈትኩላት።